የአሜሪካ ግዙፍ ሺ እግር (ናርሴየስ አሜሪካነስ)

ናርሴየስ አሜሪካነስ ከካናዳዋ ኬቤክ እስከ ቴክሳስ፣ በምሥራቁ ሰሜን አሜሪካ ደኖች የሚኖር ሺ እግር ነው። ሲያድግ 10 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ሰውነቱ እንደ እርሳስ ድቡልቡል፣ መልኩ ጠቆር ያለ ግራጫ ወይም ቡናማ ሲሆን ሰውነቱ በተሠራባቸው በየቀለበቶቹ ጠርዝ ቀይ መስመር ይዞራል። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያሉ ወገኖቻችን ዝናብ ሲያባራ የሚያዩት ትልቁ ሺ እግር ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

በምደባ ረገድ መደቡ ዲፕሎፖዳ (ሺ እግሮች)፣ ክፍለ መደቡ ስፓይሮቦሊዳ፣ አስተኔው ስፓይሮቦሊዴ ነው። የተፈጥሮ ተመራማሪው ፓሊሶ ደ ቦቩዋ እ.ኤ.አ. በ1817 ዩለስ በሚለው ወገን (ጂነስ) ሥር ገለጸው፤ ናርሴየስ የሚለውን የወገን ስም ሌላው የተፈጥሮ ተመራማሪ ራፊኔስክ በ1820 አወጣ። በድሮ ጽሑፎች «ስፓይሮቦለስ ማርጂናተስ» የሚባለውም እሱ ነው። አስተኔውን በ1960 በጥልቀት የፈተሸው ዊልያም ኪተን ነው፤ ዛሬ ግን ስሙ የሚነሣው ርግቦች ወደ ቤታቸው እንዴት እንደሚመለሱ ባጠናው ሥራው መሆኑ ያሳዝናል። በጣም የሚመስለው ናርሴየስ አኑላሪስ ራሱን የቻለ ዝርያ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ክርክር ስላልተዘጋ ብዙዎች ሁለቱን እንደ አንድ ስብስብ ይመዘግቧቸዋል።

ለመለየት ወንዱን ገልብጦ ሰባተኛውን ቀለበት ማየት ነው። ከአንገት ጀምሮ ሲቆጠር እዚያ ላይ እግሮቹ የጎደሉ ይመስላል፤ ወደ መራቢያ አካልነት ተለውጠው ወደ ውስጥ ተሸጉጠዋል። ዝርያ የሚለየው የእነዚህ ቅርጽ በአጉሊ መነጽር ታይቶ ነው። በቀለም ብቻ የሚፈርድ ይሳሳታል፤ ሴትም ብቻዋን ከተገኘች በወገን ስም ብቻ መመዝገቧ ይሻላል።

ሲነኩት ይጠቀለላል፤ ከጎኑም ቤንዞኪኖን የተባለ የሚያቃጥል ኬሚካል ያለበት ፈሳሽ ያወጣል። ፈሳሹ ጣትን ቢጫ ቡናማ ያደርጋል፣ ቆዳ ያቃጥላል፤ ዓይን ከነካ ደግሞ ክፉኛ ያማል። እጅን ቶሎ በሳሙና መታጠብ ይገባል፤ የቀረው ቀለም ከቆዳው ጋር ቀስ እያለ ይለቃል። ሳያናይድ የተባለውን መርዝ የሚያወጣው አፌሎሪያ የሚባለው ጠፍጣፋና ጠርዘ ቢጫ ሌላ ሺ እግር እንጂ ይህ አይደለም።

ሴቷ እንቁላሏን አንድ በአንድ እየጣለች ባኘከችው ቅጠል ትጠቀልላለች። ግልገሉ ሲፈለፈል ሦስት ጥንድ እግር ብቻ አለው፤ ቆዳውን በገፈፈ ቁጥር ቀለበትና እግር ይጨምራል። የሚያረባ ሰው 10 ሴንቲ ሜትር ያህል እርጥብ አፈር፣ የበሰበሰ የኦክ ቅጠልና እንጨት ያዘጋጅለት። አፈሩ ከደረቀ ቆዳ መግፈፍ ያቅተዋል፤ ውሃ ከቋጠረም ይሻግታል። ተቀብሮ ቆዳውን በሚገፍበት ጊዜ የሚቆፍረው ካለ፣ ገላው ገና ስላልጠነከረ በቀላሉ ይቆስላል።