«የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል»፦ ጎል ማዝነብስ ምሳር ማብዛት ነው?

አንዳንዱ «የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል» ይላል፤ ሌላው «ለወደቀ ግንድ» ብሎ ይጀምራል። መልእክቱ አንድ ነው። በደኅናው ቀን ቀና ብሎ ሊያየው የማይደፍር ሁሉ፣ ሰውየው ሲወድቅ እጁን ለማንሣት ይሽቀዳደማል። ሹም ሲሻር፣ ነጋዴ ሲከስር፣ ስመ ጥር ሰው ሲዋረድ ወቀሳውና ክሱ ይደራረብበታል፤ ትናንት እጅ ይነሡት የነበሩት ዛሬ ምስክር ሆነው ይቆሙበታል። አባባሉን የሚናገር ሰው ለወደቀው እያዘነ ነው፤ ምሳር ያነሡትንም እየወቀሰ ነው።

ምንጩ የገጠር ኑሮ ነው። ትልቅ ዛፍ ሲጣል ያየ ሰው ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። የቆመ ዝግባ ወይም ወይራ ለመጣል መጀመሪያ ዛፉ ወዴት እንዳዘነበለ ይታያል፤ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣም ይታያል። ከዚያ ሊወድቅ በታሰበበት ወገን ግንዱ በምሳር፣ ማለትም በመጥረቢያ፣ ይጎደጎዳል። ሥራው የአንድ ወይም የሁለት ብርቱ ሰው ነው። ግንዱ ወዳልታሰበ ወገን ቢዞር ሰው ይገድላልና ሌላው ራቅ ብሎ ይቆማል። ዛፉ ተገንድሶ መሬት ሲነካ ግን ነገሩ ይለወጣል። ቅርንጫፍ የሚመለምለው፣ ማገዶ የሚፈልጠው፣ ለሞፈር የሚሆን እንጨት የሚመርጠው ሁሉ የየራሱን ምሳር ይዞ ይደርሳል። ቅድም ከሩቅ ቆሞ ይመለከት የነበረው ልጅ ሳይቀር ግንዱ ላይ ወጥቶ ይቆማል።

ከዚህ ሥዕል ውስጥ ሁለት ነገር መያዝ ያስፈልጋል። አንደኛ፣ የወደቀው ትልቅ ዛፍ ነው፤ ቁጥቋጦ ለመጨፍጨፍ ማንም ምሳሩን ስሎ አይሰበሰብም። ሁለተኛ፣ አባባሉ የሚወቅሰው ዛፉን የጣለውን ሰው አይደለም። ጣዩ ዛፉ ቆሞ ሳለ ገጥሞታል፤ ላቡን አፍስሷል፤ አደጋውንም ተቀብሏል። ወቀሳው ከወደቀ በኋላ የመጡትን፣ ምንም ያልደፈሩትን ብዙዎች ነው የሚነካው።

ይህን የምለው አባባሉ በእግር ኳስ ወሬ ላይ ያለ ቦታው ሲገባ ስለምሰማ ነው። አንድ ቡድን አራት ለባዶ እየመራ አምስተኛውን ሲያገባ «በቃችሁ፣ የወደቀ ግንድ ላይ ምሳር አታብዙ» የሚል ሰው አይጠፋም። ሐዘኔታው የሚከበር ነው። ፍርዱን ግን አልቀበለውም። ዳኛው የመጨረሻውን ፊሽካ እስኪነፋ ድረስ ተጋጣሚው የቆመ ዛፍ ነው፤ እየገጠሙት ያሉትም ጣዮቹ ናቸው።

ጀርመን ብራዚልን 7 ለ 1 ያሸነፈችበትን የ2014ቱን የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ እንውሰድ። ጨዋታው የተካሄደው በቤሎ ሆሪዞንቴ፣ በብራዚል ምድር፣ ከአምስት የዓለም ዋንጫ ባለቤት ሕዝብ ፊት ነው። ከብራዚል ወገን ኔይማር በጉዳት፣ ቲያጎ ሲልቫ በቅጣት አልነበሩም። ለጀርመን ሙለር በ11ኛው ደቂቃ አገባ። ከዚያ ከ23ኛው እስከ 29ኛው ደቂቃ ባለው ጊዜ ክሎዘ አንድ፣ ክሮስ ሁለት፣ ኬዲራ አንድ አከሉ። ስድስት ደቂቃ፣ አራት ጎል። ካሜራው ወደ መቀመጫዎቹ በዞረ ቁጥር የሚያለቅስ ሕፃንና አፉን በእጁ የያዘ አዛውንት ይታይ ነበር። ዕረፍት ላይ 5 ለ 0 ነበር።

ጀርመኖች በመልበሻ ክፍል ምን ተባባሉ? ተከላካዩ ማትስ ሁመልስ ከጨዋታው በኋላ እንደተናገረው፣ የተስማሙት በቁም ነገር መጫወታቸውን ለመቀጠልና ተጋጣሚን ለማዋረድ ላለመሞከር ነበር። በኳስ ማሳየትና ማላገጥ አይኖርም ማለት ነው። ከዕረፍት በኋላ ተቀይሮ የገባው ሹርለ ሁለት ጎል አገባ፤ ያን ጊዜ ከብራዚል ደጋፊዎች መካከል ተነሥተው ያጨበጨቡለት ነበሩ። በ90ኛው ደቂቃ ኦስካር ለብራዚል አንድ አገባ። የጀርመኑ በረኛ ማኑኤል ኖየር በዚያች ጎል ተናደደ፤ ሰባት ለባዶ እየመራም እንኳ ግብ መቆጠሩ አሳመመው። እኔ ይህን ከማንኛውም የማጽናኛ ቃል በላይ ለብራዚል የተሰጠ ክብር አድርጌ ነው የማየው።

ምሳሮቹስ የት ነበሩ? ከሜዳው ውጭ። በማግስቱ መላው ዓለም ቀልድ ፈጠረበት። ብራዚልን አሸንፎ የማያውቅ አገር ደጋፊ ሁሉ ተሳለቀ፤ «ሰባት ለአንድ» የሚለው ቃል በብራዚላውያን ዘንድ እስከ ዛሬ የውርደት መጠሪያ ሆኖ ቀረ። አሰልጣኙ ስኮላሪም ከውድድሩ በኋላ ሥራቸውን ለቀቁ። አባባሉ በትክክል የሚገባው እዚህ ላይ ነው፤ ግዙፉ ዛፍ ወደቀ፣ ያልጣሉት ሰዎች ምሳር ይዘው መጡ።

ለእኛ ኢትዮጵያውያን ደግሞ የራሳችን ቁስል አለን። ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ በተመለሱበት በ2013 የደቡብ አፍሪካ ውድድር፣ በመጀመሪያው ጨዋታ የዋንጫውን ባለቤት ዛምቢያን በጎዶሎ ተጫዋች 1 ለ 1 አቆሙ። አገር በደስታ ሰከረ። ጥር 17 ቀን 2005 ዓ.ም. በኔልስፕሩይት ቡርኪና ፋሶን ገጠሙ። አሌን ትራኦሬ በመጀመሪያው አጋማሽ አንድ አገባ። ከዕረፍት በኋላ የቡርኪና ፋሶ በረኛ በቀይ ካርድ ወጣ፤ ተስፋችን ለመለመ። ትራኦሬ ግን በ74ኛው ደቂቃ ደገመ። ኮኔ ሦስተኛውን፣ ፒትሮይፓ በባከነ ሰዓት አራተኛውን አከሉ። ያቺ የመጨረሻዋ ጎል ታንገበግብ ነበር። አሥር ሰው ሆነው፣ ጨዋታው አልቆ፣ ሦስት ለባዶ እየመሩ ለምን ያስፈልጋቸዋል ያልን ብዙ ነን።

ለምን እንዳስፈለጋቸው የምድቡ ሠንጠረዥ ይነግረናል። ቡርኪና ፋሶና ናይጄሪያ እኩል አምስት ነጥብ ይዘው ጨረሱ። እርስ በርስ 1 ለ 1 ስለተለያዩ የለያቸው አጠቃላይ የግብ ልዩነት፣ ማለትም ካገቡት ጎል የገባባቸው ሲቀነስ የሚቀረው፣ ነበር፤ ቡርኪና ፋሶ አራት፣ ናይጄሪያ ሁለት። ከ74ኛው ደቂቃ በኋላ «ይበቃናል፣ ኢትዮጵያውያንን አናሳዝን» ብለው ቢያቆሙ ኖሮ በልዩነት ከናይጄሪያ ጋር እኩል፣ ባገቡት ጎል ግን ያነሱ ሆነው ሁለተኛ ይወጡ ነበር። ሁለተኛ የወጣችው ናይጄሪያ በሩብ ፍጻሜ ኮትዲቯርን ገጠመች፤ ቡርኪና ፋሶ ቶጎን። ሁለቱም ፍጻሜ ደርሰው ዋንጫውን ናይጄሪያ 1 ለ 0 ወሰደች። ያም ሆኖ ቡርኪና ፋሶ በታሪኳ ለመጀመሪያ ጊዜ ለፍጻሜ የደረሰችበትን መንገድ ካስተካከሉት ነገሮች አንዱ በእኛ ላይ የተቆጠሩት ሦስተኛውና አራተኛው ጎሎች ነበሩ። ያመመን እውነት ነው። የበደሉን ግን አይመስለኝም።

የእንግሊዝን ሊግ ለሚከታተሉ ሌላ ማስረጃ አለ። ጥቅምት 2011 ማንችስተር ሲቲ በኦልድ ትራፎርድ ዩናይትድን 6 ለ 1 ሲያሸንፍ፣ 90ኛው ደቂቃ ሊገባ ሲል ውጤቱ 3 ለ 1 ነበር። ዩናይትዶች በአሥር ሰው ወደፊት መሄዳቸውን አላቆሙም፤ አሰልጣኛቸው ፈርጉሰንም በኋላ በዚህ አዝነዋል። የሲቲዎቹ ጄኮ፣ ዳቪድ ሲልቫና እንደገና ጄኮ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች አገቡባቸው። በዓመቱ መጨረሻ ሁለቱ እኩል 89 ነጥብ ይዘው ሲቲ በስምንት የግብ ልዩነት ዋንጫውን ወሰደ። ከስምንቱ ስድስቱ ከእነዚያ ሦስት ጎሎች የመጡ ናቸው፤ ለአንዱ ሦስት ተደመረ፣ ከሌላው ሦስት ተቀነሰ።

ደንቡ ጎልን እስከቆጠረ ድረስ ተጫዋችን «ለምን አገባህ» ብሎ መውቀስ ገበሬን ለምን አረስክ እንደማለት ነው። ደግሞስ ማቆም ምሕረት ነው ያለው ማን ነው? አምስት ለባዶ የሚመራ ቡድን ኳሷን መሀል ሜዳ ላይ እያንሸራሸረ፣ ተመልካቹ በእያንዳንዱ ቅብብል እየጮኸ፣ ተሸናፊዎቹ ኳስ ፍለጋ ሲንከራተቱ አይቼ አውቃለሁ። እንዲህ ከሚጫወቱብኝ ስድስተኛውን ቢያገቡብኝ እመርጣለሁ። ጎል ሲገባብህ ቢያንስ እንደ ተጋጣሚ ተቆጥረሃል። ሲያዝኑልህ ግን ጨዋታው ላይ የለህም።

ስለዚህ ጥያቄው ከጎሉ ቁጥር ወደ አኳኋኑ መዞር አለበት። በ2019 የሴቶች የዓለም ዋንጫ አሜሪካ ታይላንድን በፈረንሳይዋ ሬምስ ከተማ 13 ለ 0 ስታሸንፍ አሌክስ ሞርጋን ብቻዋን አምስት አገባች። ከፍተኛ ክርክር ተነሣ። ብዙዎቹ ተቺዎች ያነሡት አሥራ ሦስት ጎል መግባቱን ሳይሆን ዘጠነኛውና አሥረኛው ሲገባ የነበረውን ጭፈራ ነበር። እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ፣ በከፊል። በዓለም ዋንጫ የመጀመሪያ ጎሏን ያገባች ተጫዋች ብትደሰት ማን ይፈርድባታል? የጋራና የተጋነነ ጭፈራ በዚያ ሰዓት ግን በአማርኛ ሌላ ስም አለው፤ በቁስል ላይ እንጨት መስደድ ይባላል። ከፊሽካው በኋላ አሜሪካውያቱ የታይላንድን ልጆች ሄደው ሲያጽናኑም ታይተዋል፤ ይህም ይነገርላቸው።

እዚህ ላይ የራሳችን ባህል ይሞግተኛል። በገና ጨዋታ አሸናፊው ተሸናፊውን በግጥም ይሰድበዋል፤ ባላገሩ ጌታውን ሳይቀር ይነካል፤ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ተብሎ ተፈቅዷል። ታዲያ ማላገጥ ነውር ከሆነ አባቶቻችን ለምን ፈቀዱት? መልሱ በአባባሉ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ቁጣ የተከለከለው በገና ጨዋታ ነው፤ በዓሉ ሲያልፍ ፈቃዱም ያልፋል። ተጋጣሚዎቹም የአንድ አገር ሰዎች፣ በሚቀጥለው ዓመት የሚገናኙ ናቸው፤ የዛሬው ተሰዳቢ የከርሞው ሰዳቢ ሊሆን ይችላል። ታይላንድና አሜሪካ እንዲህ ያለ ከርሞ የላቸውም።

አባባሉ ጭራሽ የማይሠራበት ቦታም አለ። በሚያዝያ 2001 አውስትራሊያ በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ አሜሪካን ሳሞአን 31 ለ 0 አሸነፈች፤ አርቺ ቶምፕሰን ብቻውን 13 አገባ። ሳሞአውያኑ በፓስፖርት ጉዳይ አብዛኞቹን ተጫዋቾቻቸውን አጥተው ገና ታዳጊ የሆኑ ልጆች ይዘው ነበር የመጡት። ይህ የወደቀ ግንድ አይደለም፤ ገና ያልበቀለ ችግኝ ነው። አውስትራሊያ ከሁለት ቀን በፊት ቶንጋን 22 ለ 0 አሸንፋ ነበር። ጥፋቱን ቶምፕሰን ላይ መጣል አይገባም። ባለሙያና ጀማሪን በአንድ ምድብ ያገናኘው የውድድር ሥርዓት ነው ተጠያቂው።

ሌላም ተቀራራቢ አባባል አለን፤ «ከወደቁ በኋላ መንፈራገጥ ለመላላጥ» ይላል። ለተሸናፊ የሚሰጥ ምክር ነው፦ ዝም ብለህ ተኛ። በኑሮ ውስጥ ትክክል የሚሆንበት ቀን ይኖራል። በሜዳ ላይ ግን እቃወመዋለሁ። ታይላንዶች ከአሥራ ሦስቱ ጎል በኋላ ስዊድንን ገጠሙ፤ 5 ለ 1 ተሸነፉ። ያቺ አንዷ ጎል በባከነ ሰዓት፣ በአምበላቸው በካንጃና እግር ስትገባ የቡድኑ መሪ በደስታ አለቀሱ። አሜሪካን ሳሞአም በ2011 ቶንጋን 2 ለ 1 ስታሸንፍ በረኛዋ ያ 31 ጎል የተቆጠረበት ኒኪ ሳላፑ ነበር። ሁለቱም ተላልጠው ይሆናል፤ ተንፈራግጠው ያገኙትን ግን ተኝተው አያገኙትም ነበር።

አቋሜን የምለውጠው ልጆች ላይ ብቻ ነው። የአሥር ዓመት ልጅ የግብ ልዩነት አያሳስበውም፤ ዘጠኝ ለባዶ ሲሸነፍ ግን ሁለተኛ ኳስ ላይነካ ይችላል። በሰፈር ውድድር ላይ እንዲህ ያለ ጨዋታ የገጠመው አሰልጣኝ ልጆቹን «ጎል አታግቡ» ብሎ ማዘዝ የለበትም፤ ይህ ሁለቱንም ወገን ያሳፍራል። አጥቂውን ተከላካይ ያድርገው፤ ተቀያሪ ወንበር ላይ የቆዩትን ያስገባ፤ በግራ እግር ብቻ እንዲመቱ ይንገራቸው። ካልሆነም ከሌላው አሰልጣኝ ጋር ተነጋግሮ ሁለት ሦስት ልጆች ያለዋውጥና ቆጠራውን ከዜሮ ያስጀምር።