ዊንተር ፓርክ፦ የዴንቨር ከተማ የበረዶ ተራራ

ዊንተር ፓርክ በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት የሚገኝ የስኪ ማዕከል ነው፤ እግር ላይ በሚታሰሩ ረጃጅም መንሸራተቻዎች በረዶ ላይ የሚንሸራተቱበት ቦታ ማለት ነው። ከዴንቨር 108 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ባለቤቱ ደግሞ ከተማው ራሱ ነው። ዴንቨርና አውሮራ ውስጥ ሐበሻ ሞልቷል፤ ስለዚህ ተራራ በአማርኛ የተጻፈ ነገር ግን እንደልብ አይገኝም። ይህ ጽሑፍ የማዕከሉን ታሪክ ይነካካና ለመሄድ ላሰበ ሰው የሚጠቅመውን ይናገራል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የተጀመረው በባቡር ዋሻ ነው። 10 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የሞፋት ዋሻ በ1928 ተከፈተ። ቆፋሪዎቹ በምዕራቡ በር ያደሩባቸው ቤቶች ኋላ ላይ ለበረዶ ወዳዶች ማደሪያ ሆኑ። የዴንቨር የመናፈሻዎች ኃላፊ የነበረው ጆርጅ ክራንመር ቦታው ለከተማው ሕዝብ መዝናኛ ይሁን ብሎ ተነሳ፤ በ1940 ማዕከሉ ተከፈተ። ከ1950 ጀምሮ ለትርፍ ያልቆመ ማኅበር አስተዳደረው። በ2002 አስተዳደሩ ኢንትራዌስት ለተባለ ኩባንያ ተሰጠ፤ ዛሬ የሚያንቀሳቅሰው አልቴራ የተባለው ኩባንያ ነው። ባለቤትነቱ ግን ከዴንቨር እጅ አልወጣም። የስኪ ተራሮቹ በትልልቅ ኩባንያዎች በተያዙበት ግዛት ውስጥ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሜሪ ጄን የሚባለው ጉብታ የበዛበት ክፍል በ1975 ተጨመረ። ስሙ በአካባቢው ትኖር ከነበረች ሴት የመጣ ነው ይባላል፤ ታሪኩ ግን ወደ ተረት ያደላል።

ማዕከሉ በጣም ሊኮራበት የሚገባው ሥራ የተጀመረው በ1970 ነው። ከዴንቨር የሕፃናት ሆስፒታል 23 ልጆች መጡ፤ እጃቸው ወይም እግራቸው የተቆረጠ ልጆች ነበሩ። ሃል ኦሊሪ የተባለ አሰልጣኝ ስኪ አስተማራቸው። ከዚያ ትምህርት የአካል ጉዳተኞች ብሔራዊ የስፖርት ማዕከል ተወለደ፤ እስከ ዛሬም ይሠራል። እግሩ የማይታዘዝ ሰው ከሥሩ ስኪ በተገጠመለት መቀመጫ ላይ ተቀምጦ ይወርዳል። ማየት የተሳነው ደግሞ ከመሪ ጋር ይወርዳል። በማኅበረሰባችን አካል ጉዳተኛ ልጅ ያላቸው ወላጆች ስለዚህ ቢሰሙ ደስ ይለኛል። ቦታው ቶሎ ስለሚሞላ ቀደም ብሎ መመዝገብ ነው።

«ስኪ የፈረንጅ ነገር ነው» የሚል አይጠፋም። ግን አዲስ አበባ የተወለደው ሮቤል ተክለማርያም በ2006 ቱሪን፣ በ2010 ደግሞ ቫንኩቨር ላይ የኢትዮጵያን ባንዲራ ይዞ በክረምት ኦሎምፒክ ተወዳድሯል። የእሱ ውድድር ሜዳና ዳገት የሚያቋርጠው ረጅሙ ስኪ ነበር፤ ዊንተር ፓርክ የሚታወቀው ግን በቁልቁለቱ ነው።

መቼ ይኬዳል? ማዕከሉ ብዙውን ጊዜ ኖቬምበር አጋማሽ ላይ ተከፍቶ እስከ ኤፕሪል መጨረሻ ይቆያል። የፈረንጆቹ ገና ሳምንት፣ የማርቲን ሉተር ኪንግና የፕሬዚዳንቶች ቀን ቅዳሜና እሁዶች ሰው ይተራመሳል፤ ዋጋውም አይቀመስም። የእኛ ገና የሚውለው የእነሱ የበዓል ግርግር ካለፈ በኋላ ነው። በዚያ ሳምንት ከሥራ ፈቃድ የሚወስድ ሰው በሥራ ቀን ቢሄድ ይሻለዋል። ማርችም ጥሩ ነው፤ በረዶው ብዙ፣ ፀሐዩ ረጅም።

ሰውን ወደ ተራራው የሚያወጣውን የሊፍት ትኬት በር ላይ ከመግዛት ቀድሞ በኢንተርኔት መግዛት በጣም ይረክሳል። ለጀማሪ ትምህርት፣ ትኬትና ኪራይ አንድ ላይ የሚሸጥበት ጥቅል አለ፤ እሱን ይጠይቁ። ባል ሚስቱን፣ ጓደኛ ጓደኛውን ላስተምር ሲል ቀኑ በጭቅጭቅ ያልቃል። አንድ ቀን ለአሰልጣኝ መክፈል ያዋጣል። ከዚያ በኋላ በአረንጓዴ ክብ የተመለከተው ቀላል መንገድ ላይ መቆየት ነው። ሰማያዊው ካሬ መካከለኛ፣ ጥቁሩ አልማዝ ከባድ ነው።

ስለ ዕቃ ስንነጋገር አንደኛው ቡቱ፣ ማለትም የስኪ ጫማው ነው። ስኪውን ማንም ይመርጥላችኋል፤ ቡቱን ግን እግራችሁ ነው የሚመርጠው። ቁጥሩ በሴንቲ ሜትር ነው። አንድ ስስ ካልሲ ብቻ አድርጉ፤ ሁለት መደረብ እግርን አያሞቅም፣ ደም ያግዳል። ቡቱን ካጠለቃችሁ በኋላ ተረከዛችሁን ወለሉ ላይ መታ መታ አድርጉና ከታች ወደ ላይ ቆልፉ። ቀጥ ብላችሁ ስትቆሙ ጣታችሁ ጫፉን ይንካ። ጉልበት ስታጥፉ ወደ ኋላ ይሽሽ። ተረከዝ ከተነሳ ቡቱ ሰፍቷል፤ «ምንም አይደል» ብላችሁ አትውሰዱት፣ አስቀይሩ። የሱሪ ጫፍ ቡቱ ውስጥ አይገባም።

አከራዩ ክብደት፣ ቁመት፣ ዕድሜና ችሎታ ይጠይቃል። እውነቱን ንገሩት። ስትወድቁ ቡቱን ከስኪው የሚያላቅቀው ማያያዣ የሚስተካከለው በዚያ ነው። ክብደት ቀንሶ የተናገረ ሰው ስኪው ያለ ቦታው ይወልቅበታል፤ የጨመረ ደግሞ ሳይወልቅለት ጉልበቱን ይጎዳል። ለጀማሪ ስኪው ቁመቱ ከአገጭ እስከ አፍንጫ ቢደርስ በቂ ነው። ሄልሜት አይታለፍም።

ልብስ ላይ ጥጥ ይቅር። ጋቢም ይሁን ጂንስ፣ ላብና በረዶ ከጠጣ በኋላ ሰውነት ያቀዘቅዛል። ከውስጥ የሱፍ ወይም የስፖርት ጨርቅ፣ መሃል ላይ የሚያሞቅ፣ ከላይ ውሃ የማያስገባ። ጃኬትና ሱሪ ከዘመድ መዋስ ይቻላል፤ ውሃ የማያስገባ ጓንትና ጎግል መነጽር ግን የራስ ቢሆን ጥሩ ነው።

ከፍታውን አትናቁ። የተራራው ሥር 2,743 ሜትር ነው፣ ከአዲስ አበባ ይበልጣል። ጫፉ 3,676 ይደርሳል። ከዋሽንግተን ወይም ከዳላስ የመጣ እንግዳ የመጀመሪያውን ሌሊት ዴንቨር ቢያድር ይመረጣል። ውሃ በደንብ መጠጣት፣ መጠጥ መቀነስ ነው። ራስ ምታቱ ከባሰ ወደ ታች መውረድ እንጂ መታገል አያስፈልግም። ጥቁር ቆዳም ይቃጠላል፤ በረዶው ጨረሩን ከታች ስለሚመልሰው የፀሐይ ቅባት አገጭ ሥር ሁሉ ይቀቡ። ምግብ ተራራው ላይ ውድ ነው። በጾም ሰሞን የሚሄድ ሰው ዳቦ ቆሎ ወይም በሶ ይያዝ፤ በሶ በውሃ ተበጥብጦ ሊፍት ሥር ሲጠጣ ጉልበት ይሰጣል።

ለመድረስ ከሁሉ የሚሻለው ባቡሩ ነው። የድሮው የስኪ ባቡር ከ1940 እስከ 2009 ሠርቶ ቆመ፤ በ2017 የአሜሪካ የመንገደኞች ባቡር ድርጅት አምትራክ ዊንተር ፓርክ ኤክስፕረስ ብሎ መለሰው። ከዴንቨር ዩኒየን ስቴሽን ጧት ተነስቶ በሞፋት ዋሻ አልፎ ሊፍቶቹ አጠገብ ያወርዳል፣ ማታ ይመልሳል። በበረዶው ወራት የተወሰኑ ቀናት ብቻ ስለሚሄድ መርሐ ግብሩን አስቀድሞ ማየት ግድ ነው።

በመኪና የሚሄድ በአይ 70 አውራ ጎዳና ተጉዞ በርቱድ የሚባለውን የተራራ መተላለፊያ ይሻገራል። መተላለፊያው 3,446 ሜትር ከፍታ አለው፤ ጠመዝማዛ ነው። በአይ 70 ተራራማ ክፍል ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 ሕጉ የበረዶ ጎማ ወይም ሰንሰለት ይጠይቃል። በአራቱም ጎማ የሚነዳ (ፎር ዊል) መኪናም ቢሆን የጎማው ጥርስ ቢያንስ 3/16 ኢንች መሆን አለበት። እሁድ ከሰዓት በኋላ ወደ ዴንቨር የሚመለሰው ትራፊክ አያንቀሳቅስም፤ ወይ ከምሳ በፊት መውጣት፣ ወይ እራት እዚያው በልቶ መነሳት ነው።