ስለ ክልላዊ የጤና ምርመራ ዳሰሳ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የጤና ምርመራ ዳሰሳ ጥያቄ ጠይቆ መመለስ ብቻ አይደለም። የተመረጡት ሰዎች ቁመታቸው፣ ክብደታቸው፣ ወገባቸውና የደም ግፊታቸው ይለካል፣ ደምም ይሰጣሉ። ለአንድ ክልል እንዲህ ያለ ጥናት ሲታቀድ ስብሰባ ላይ ደጋግመው የሚነሱ ሐሳቦች አሉ። አንዳንዶቹ ጥናቱን ገና ሳይጀመር ያበላሹታል።

«ሕዝቡ 2 ሚሊዮን ከሆነ ቢያንስ 10 በመቶው መመርመር አለበት»

የለበትም። ዋናው ነገር ስንት የመቶኛ ነጥብ ስህተት መታገስ ትችላላችሁ የሚለው ነው። የደም ግፊት ያለባቸውን ሰዎች ድርሻ 5 ነጥብ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ለማወቅ፣ በ95 በመቶ እርግጠኝነት፣ 385 ሰው ይበቃል። ሰዎቹ ከተወሰኑ መንደሮች ከተመረጡ ግን ጎረቤት ከጎረቤቱ ስለሚመሳሰል ቁጥሩ በ1.5 ወይም በ2 ይባዛል። በዚያ ላይ የማይገኝ አለ፣ እምቢ የሚልም አለ። በ1.5 አባዝተን ከ10 ሰው 2ቱ ይቀራሉ ብንል 720 ገደማ እንደርሳለን። የአሜሪካው አገር አቀፍ ዳሰሳ ኤንሄንስ እንኳ በዓመት የሚመረምረው 5 ሺህ ገደማ ሰው ነው።

«ለክልሉ የበቃው ናሙና ለየወረዳውም ይበቃል»

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ያንኑ 720 ሰው ለ6 ወረዳ አካፍሉት፤ ለእያንዳንዱ 120 ይደርሰዋል፣ ከዚያም የሚገኘው 96 ገደማ ነው። ስህተቱ ከ5 ነጥብ ወደ 12 ያሻቅባል። እንዲህ ባለ ቁጥር አንዱን ወረዳ ከሌላው ማወዳደር አይቻልም። የየወረዳው ውጤት የግድ ካስፈለገ ናሙናው ከመጀመሪያው በየወረዳው ይሰላ፣ በጀቱም በዚያው ልክ ይጠየቅ።

«ቤቱ ዝግ ከሆነ ቀጣዩን ቤት ማንኳኳት ነው»

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። መረጃ ሰብሳቢዋ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ታንኳኳለች። የተመረጠው የ32 ዓመት ሰውዬ ሥራ ላይ ነው። ጎረቤት ጡረታ የወጡ አባት ተቀምጠዋል፣ ደስ ብሏቸው ይቀበሏታል፣ ቅጹም ይሞላል። ቁጥሩ አልጎደለም፤ ግን አንድ ወጣት ሠራተኛ ወጥቶ አንድ አዛውንት ገብተዋል። ይህ በየመንደሩ ሲደጋገም ክልሉ ከእውነቱ የበለጠ ያረጀና የታመመ ይመስላል፣ እና ጥፋቱ ሪፖርቱ ላይ አይታይም። መፍትሔው ተመልሶ መሄድ ነው፦ ማታ፣ ቅዳሜ፣ እሁድ፣ ቢያንስ ሦስት ጊዜ። ያልተገኘው ሰው ዕድሜና ጾታ ተመዝግቦ ይቀመጥ። መተካት ግን አይሆንም።

«ሰዎቹን መጠየቅ ይበቃል፣ የጤና ጣቢያ መዝገብም አለ»

ሰው ሲጠየቅ ቁመቱን ጨመር፣ ክብደቱን ቀነስ አድርጎ ይናገራል። የደም ግፊትና ስኳር ደግሞ ሳይሰሙ ለዓመታት አብረው ይኖራሉ፤ ያልተመረመረ ሰው «የለብኝም» ይላል፣ አልዋሸምም። መዝገቡ የያዘው የመጣውን ሰው ብቻ ነው።

«የደም ግፊት መለካት ማንም ይችላል»

መሣሪያውን መጫን ማንም ይችላል። ሰውዬው ግን ለ5 ደቂቃ ዐርፎ ነበር? ጀርባው ተደግፏል? እግሩን አነባብሯል? እያወራ ነው? ክንድ ላይ የሚጠመጠመው ካፍ ጠባብ ከሆነ ግፊቱን ካለው በላይ ያሳያል፣ ስለዚህ አንድ መጠን ብቻ ይዞ የወጣ ቡድን ክንደ ወፍራሞችን ሁሉ ግፊት አለባችሁ ሊላቸው ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለእንዲህ ያለ ዳሰሳ ያወጣው ስቴፕስ የተባለው አሠራር ሦስት ጊዜ አስለክቶ የመጨረሻዎቹን ሁለት አማካይ ይወስዳል። በእጅ በሚነፋው መሣሪያ ከሆነ ደግሞ የቁጥሮቹን መጨረሻ እዩ። መለኪያው በ2 በ2 ስለሚቆጥር በ0 የሚያልቀው ከ5 ንባብ 1 ያህል መሆን ነበረበት። ቅጹ በ120፣ 130 እና 140 ከተሞላ ለኪው እየገመተ ነው፤ ያን ቀን ተመልሶ ይሠልጥን እንጂ መረጃው መጨረሻ ላይ የሚጣራበት ሳምንት አይጠበቅ።

«ውጤቱን ለሰዎቹ መንገር የጥናቱ ሥራ አይደለም»

ነው እንጂ። ደም የሰጠ ሰው ውጤቱን በሚገባው ቋንቋ ማግኘት አለበት። ግፊቷ 200/120 የተነበበ እናት በራፏ ላይ ተቀምጣ ሳለ ቁጥሩን መዝግቦ መሄድ አይቻልም። ማን ይደውላል፣ የት ትላካለች፣ በምን ትሄዳለች የሚለው ቡድኑ ከመውጣቱ በፊት በጽሑፍ መኖር አለበት፣ የሚቀበላትም ሐኪም አስቀድሞ ማወቅ አለበት።