ዱባና ቅል፣ አበቃቀሉ ለየቅል

የአንድ እናት ልጆች ሆነው ጠባያቸው አልገጥም ያለ ወንድማማቾች ሲነሱ፣ ወሎ ውስጥ አንድ አዛውንት ይህን ተረት ጣል ማድረጋቸው አይቀርም። «ለየቅል» ማለት ለየብቻ፣ እያንዳንዱ በራሱ መንገድ ማለት ነው። ቃሉ ውስጥ ግን ቅሉም አለ። ውበቱ እዚያ ላይ ነው።

ብዙ ሰው ተረቱን እንደ ስድብ ይወስደዋል። እኔ እንደዚያ አይመስለኝም። የሚለው፣ ቅጠላቸው ስለተመሳሰለ ብቻ አንድ ናቸው አትበል ነው።

ሐይቅ አጠገብ በአያቴ ጓሮ ሁለቱም ይበቅሉ ነበር። ችግኝ ሳሉ እኛ ልጆቹ አንለያቸውም። ሁለቱም ሰፊ ቅጠል አላቸው፣ ሁለቱም ያገኙትን ይጠመጥማሉ። ክረምቱ ሲገፋ ዱባው መሬት ለመሬት ይሄዳል፤ ቅሉ አጥሩን ይዞ ዛፍ ላይ ይወጣል። ዱባ ቢጫ አበባውን በጠዋት ይከፍታል። ቅል ነጭ አበባውን የሚከፍተው ሲመሽ ነው፤ እንግዶቹም የእሳት ራቶች ናቸው። ከዚያ ዱባው ወደ ድስት ይገባል። ቅሉ ደርቆ፣ ተፈልፍሎ፣ በወይራ ጢስ ታጥኖ የወተት መናጫ ይሆናል፤ ለሁለት የተሰነጠቀውም አንኮላ።

አገራቸውም ለየቅል ነው። ቅል የአፍሪካ ተወላጅ ነው። ደረቁ ፍሬ ውኃ ላይ ይንሳፈፋል፤ ዘሩ ለወራት ባሕር ላይ ቆይቶ እንኳ ይበቅላል። ኮሎምበስ አሜሪካ ከደረሰበት ከ1492 (እ.ኤ.አ.) በፊት በብዙ ሺህ ዓመታት አሜሪካ የደረሰውም እንዲሁ ሳይሆን አይቀርም። ዱባ ደግሞ የአሜሪካ ተክል ነው፤ ወደኛ የመጣው ከ1492 በኋላ ነው። ስለዚህ ይህ ተረት የቱንም ያህል የጥንት ቢመስል፣ ዕድሜው ከ500 ዓመት ብዙም አይዘልም። ዱባው ሳይመጣ ማን ከቅል ጋር ያወዳድረዋል?

ቅል ዕቃ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ለጋው ይበላል። ህንዶች ላውኪ ይሉታል፤ ወጥ ይሠሩበታል። ጥፍር በቀላሉ ሲገባው ነው ደጉ ጊዜ። ግን ቅልና ቅልም ለየቅል ነው፤ በዱር የበቀለው ሐረጉ ከጓሮው ጋር አንድ ሆኖ ፍሬው እጅግ መራራ ሊሆን ይችላል። መራራው ያስመልሳል፣ ክፉኛም ያሳምማል። ቁራጩን በምላስ ጫፍ ነካ አድርጉት፤ ከመረረ ትፉት፣ ፍሬውንም ጣሉት። ቢቀቅሉትም መርዙ አይለቅም።