ድንጉላ ንብ በሰሜን ሸዋ ቀፎ

ድንጉላ የወንዱ ንብ ስም ነው። ሰሜን ሸዋ የፈረስ አገር ስለሆነ ቃሉ ለማንም እንግዳ አይደለም፤ ያልተኮላሸ ፈረስም ድንጉላ ይባላል። ንቡ ግን ስሙ የሚነሳው በስንፍናው ነው። አይቀስምም፣ ሰም አይሠራም፣ ቀፎ አይጠብቅም፣ የተዘጋጀ ማር ይበላል። እኔ ይህ ፍርድ በዝቶበታል ባይ ነኝ።

ከሠራተኛዋ ንብ ወፈር ያለ ነው፤ የሆዱ ጫፍ ዱልዱም ነው። ትልልቅ ዓይኖቹ አናቱ ላይ ይገናኛሉ። መዳፍዎ ላይ ቢያደርጉት እየጮኸ ይንፈራገጣል እንጂ አይናደፍም፤ መንደፊያ የለውም። የአበባ ዱቄት የሚሸከምበት የእግር ቅርጫትም የለውም። ለመሥራት ሰንፎ ሳይሆን መሣሪያው አልተሰጠውም።

አወላለዱ ደግሞ ይገርማል። አውራዋ፣ ማለትም የቀፎው ንግሥት፣ ያልዳበረ እንቁላል ስትጥል ድንጉላ ይሆናል፤ የዳበረው ሠራተኛ ወይም አውራ ይሆናል። ስለዚህ ድንጉላ አባት የለውም፤ በእናቱ በኩል ግን አያት አለው። ከእንቁላል እስከ ንብ 24 ቀን ይፈጅበታል፤ ሠራተኛዋ 21፣ አውራዋ 16 ቀን ይበቃቸዋል። እሱ የሚያድግበት የሰም ክፍል ከሠራተኛዋ ይሰፋል፤ ክዳኑም እንደ ሽምብራ ቅስር ብሎ ይታያል። ብዙ ጊዜ የሚገኘው በማር እንጀራው ዳርቻ ነው። ቫሮዋ የሚባለው ቅማል መሰል ተባይ አብልጦ የሚመርጠውም ይህንኑ የድንጉላ እጭ ነው።

ትልቁ ሥራው ከቀፎ ውጭ፣ አየር ላይ ነው። ንብ ሆኖ ከክፍሉ ከወጣ 12 ቀን ገደማ በኋላ ለመራባት ይደርሳል። ብራ በሆነ ከሰዓት ከብዙ ቀፎ የወጡ ድንጉላዎች አንድ ቦታ ሰማይ ላይ ይሰበሰባሉ። ድንግል አውራ ስትመጣ ተከትለዋት ይበራሉ። የተሳካለት እዚያው ይሞታል፤ ብልቱ ተነቅሎ እሷ ላይ ይቀራል። አንዷ አውራ ብዙውን ጊዜ ከ10 በላይ ድንጉላዎች ጋር ትገናኛለች። ዘሩን በሰውነቷ ይዛ ለዓመታት እንቁላል ታዳብርበታለች። አባቶቹ ሲበዙ ቀፎው በሽታን ይቋቋማል። ዘመድ ከዘመድ ከተገናኘ ግን ሠራተኞቹ የተበላሸውን እጭ ስለሚበሉት እንጀራው ቀዳዳ ቀዳዳ ይሆናል። ጎረቤት ሁሉ ንብ ቢያነብ ለአንዱም የሚጠቅመው በዚህ ነው።

የድንጉላው ዕድሜ በአበባ ይወሰናል። ክረምቱ ወጥቶ አደይ አበባ ሜዳውን ሲያለብሰው ቀፎው ይሞላል፣ ድንጉላ ይበዛል፣ መንጋም ይወጣል። በልግ የሚያገኙት ደጋዎችም ሁለተኛ ዕድል አላቸው። አበባው ሲያልቅ ግን ፍቅሩ ያልቃል። ሠራተኞቹ መጀመሪያ መመገቡን ይተዉታል፤ ቀጥሎ ክንፉን ነክሰው ወደ ቀፎው አፍ ይጎትቱታል። ጠዋት ከቀፎ ስር የወደቁትን ሳይ ያሳዝኑኛል፤ በብርዱ ፈዝዘው ቀስ እያሉ ይድሃሉ።

አናቢ ይህን ቢያይ ሊደነግጥ አይገባም፤ ቀፎው ስንቁን እየቆጠበ ነው። የሚያሳስበው ተቃራኒው ነው። በደረቁ ወር ሌላው ቀፎ ሁሉ ሲያባርር አንዱ ብቻ ድንጉላዎቹን ካቆየ፣ ምናልባት አውራዋ ሞታለች። ከፍቶ በሠራተኛ ክፍሎች ውስጥ ያበጠ የድንጉላ ክዳን ካገኘ፣ አንድ ክፍል ውስጥም ሁለት ሦስት እንቁላል ካየ፣ ሠራተኞቹ ራሳቸው መጣል ጀምረዋል ማለት ነው። እነሱ የሚጥሉት አይዳብርም፤ ሁሉም ድንጉላ ነው።