ስም መጥሪያው ወደ ጎን ሲነበብ

የስም መጥሪያ ደብተር ቀላል ነገር ነው። ስም ወደ ታች፣ ቀን ወደ ጎን። የቀረ ልጅ ኤክስ ይደረግበታል። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ሁለት ቦታ አስተምሬያለሁ። መጀመሪያ ከሸዋ ሮቢት ወጣ ያለ ቆላ ውስጥ፣ ኋላ ደግሞ ደጋው ላይ፣ ወደ ደብረ ብርሃን በኩል። በሁለቱም ቦታ የክፍል ኃላፊ ስለነበርኩ ኤክስ በማድረግ የሚተካከለኝ የለም።

ስለ ተማሪ መቅረት የሚባለው ነገር ግን ለቅሶ ቤትም ሆነ ወመህ (የወላጅ መምህር ኅብረት) ስብሰባ ላይ ያው ነው። ግማሹን እኔም ስለው ኖሬያለሁ።

«የሚቀሩት ሰነፎች ስለሆኑ ነው»

ቆላ ሳለሁ የጥቅምትና የኅዳር ገጾች ኤክስ በኤክስ ይሆኑብኝ ነበር። የመጀመሪያውን ዓመት በንዴት ጨረስኩት። በሁለተኛው ዓመት ወደ ማሳው ወረድኩ። ማሽላ ፍሬ መያዝ ሲጀምር ወፍ ይወርድበታል። ወፍ ደግሞ ቅዳሜና እሁድን ጠብቃ አትመጣም። ልጁ ጎህ ሲቀድ ማማው ላይ ይወጣል። ወንጭፉን እያጮኸ፣ ጉሮሮው እስኪዘጋ እየጮኸ ይውላል። ጀምበር ስትጠልቅ ወርዶ ይተኛል። የአንዱን ልጅ አባት አስጠርቼ ነበር። ቁጭ አሉና «መምህር፣ የእርስዎ ደሞዝ ወር ጠብቆ ይመጣል። የእኔን ደሞዝ ወፍ እየበላችው ነው» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም።

ሽቅብ ወጥታችሁ፣ የጣርማበርን ዋሻ አልፋችሁ ደጋ ስትገቡ ኤክስ የሚበዛበት ወር ይቀየራል። መንዝ በኩል የበልግ ገብስ ጥርና የካቲት ላይ ይዘራና ሰኔና ሐምሌ ላይ ይታጨዳል። የዓመቱ ማጠቃለያ ፈተና መቼ ነው? ሰኔ። ምንጃር ጤፉን፣ ጅሩ ስንዴውን የሚሰበስበው ደግሞ መስከረም የተጀመረው ትምህርት መያዝ ሲጀምር ነው። በአንድ ዞን ውስጥ ይህ ሁሉ የተለያየ አዝመራ አለ። የትምህርት ካላንደሩ ግን አንድ ነው።

ልጅ ለአዝመራ ሲቀር ነውር ነው ለምንል ሰዎች አንድ ነገር ላስታውስ። በ2014 ኅዳር፣ ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ድረስ በመጣበት ሰሞን፣ መንግሥት ራሱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን ለአንድ ሳምንት ዘግቶ ተማሪዎች የዘማቾችን ሰብል እንዲሰበስቡ አድርጓል። ምክንያቱ ሲገባን እኛም እንዘጋለን ማለት ነው።

ሰነፍ የለም አልልም። ከተማ ውስጥ ዩኒፎርሙን ለብሶ፣ ደብተሩን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ወጥቶ ጆተኒ ላይ የሚውል አለ። ግን የሚፎርፉትን ልጆች ወደ ኋላ ሄዳችሁ እዩዋቸው። አብዛኞቹ መፎረፍ የጀመሩት ትምህርቱ አልገባ ካላቸው በኋላ ነው። ምንም የማይገባው ክፍል ውስጥ ስድስት ፔሬድ መቀመጥ ለአዋቂም ይከብዳል። ስብሰባ ላይ የተቀመጠ ያውቀዋል።

«በዓል ስለሚበዛብን ነው»

ይህን የምሰማው በተለይ ከከተማ ሰው ነው። የእኔ ደብተር ግን ተቃራኒውን ነበር የሚያሳየው። በሚካኤል፣ በማርያም፣ በመድኃኔዓለም ቀን ገበሬው አያርስም፣ አያጭድም፣ አይወቃም። ስለዚህ ልጁ ይለቀቃል፣ ትምህርት ቤት ይመጣል። ክፍሌ ጢም ብሎ የሚሞላው በ12 እና በ21 ነበር። እረኛው ብቻ ነው ያው የሚቀረው። ከብት ሚካኤል ነው ተብሎ ከሣር አይጾምም።

«በሳምንት አንድ ቀን ምን አላት?»

ሐሙስ የገበያ ቀን ነበር። ልጁ አህያ ይነዳል። ካልሆነም እናቱ ስትወጣ ቤት ይጠብቃል፣ ሕፃን ይይዛል። «አንዲት ቀን ናት» ይሉኛል፣ እኔም ዝም እላለሁ።

እስቲ እናስላት። የትምህርት ሳምንት አምስት ቀን ነው። አንዱ ሲሄድ የዓመቱ አንድ አምስተኛ ሄደ ማለት ነው። እንዲህ እየሆነ ስምንተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ በድምሩ ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ክፍል ውስጥ አልነበረም። ካርዱ ላይ ግን ከክፍል ክፍል እየተዛወረ ነው የመጣው።

ከዚህ የባሰው የትምህርት ፕሮግራሙ ነው። ፕሮግራም አንዴ ከወጣ ዓመቱን ሙሉ አይነካም። የእኔ ሂሳብ በሳምንት አምስት ፔሬድ ነበረው። ከአምስቱ ሁለቱ ሐሙስ ላይ ወድቀዋል። ስለዚህ የገበያ ቀን የሚቀረው ልጅ ያጣው የሁሉንም ትምህርት አንድ አምስተኛ አይደለም፣ የሂሳብን ሁለት አምስተኛ ነው። ዓርብ ይመጣል፤ ትናንት የጀመርነውን ስቀጥል ዓይኑ ይፈዛል። እና «ይህ ልጅ አማርኛ ላይ ጎበዝ ነው፣ ሂሳብ ላይ ጭንቅላት የለውም» እንላለን። ይህን ያህል ዓመት ስንቱን ልጅ እንዲህ እንዳልነው እንጃ።

«የክፍሉ መገኘት ዘጠና በመቶ ነው፣ ችግር የለም»

የሪፖርት ቋንቋ ነው። እኔም ስሞላው ኖሬያለሁ። ለቢሮው የሚላከው ቁጥር የሚገኘው ደብተሩን ወደ ታች በማንበብ ነው። ዛሬ ከ60 ተማሪ 54ቱ መጥተዋል፣ ዘጠና በመቶ። ነገም 54፣ ከነገ ወዲያም 54። ሸጋ ቁጥር ነው፤ ማንም አይቆጣችሁም።

አሁን ያንኑ ደብተር ወደ ጎን አንብቡት። በየቀኑ የሚቀሩት ስድስቱ እነማን ናቸው? ስልሳውም ተራ በተራ እየቀሩ ከሆነ እያንዳንዱ ከአሥር ቀን አንድ ቀን ቀረ ማለት ነው። ግን ስድስቱ የሚመጡት ከነዚያው ከአሥራ ሁለት ልጆች መካከል ቢሆንስ? ዛሬ ስድስቱ፣ ነገ ሌሎቹ ስድስት? ያኔ አሥራ ሁለቱም የዓመቱን ግማሽ ቀርተዋል። ዘጠና በመቶው ግን ንቅንቅ አላለም።

ይህ ለእኔም የገባኝ ዘግይቶ ነው። አንድ ክረምት፣ ዝናቡ አላስወጣ ብሎኝ፣ ያለፈውን ዓመት ደብተር አውጥቼ በየስሙ ትይዩ ያለውን ኤክስ ስቆጥር ዋልኩ። መጀመሪያ ያስደነገጠችኝ አንዲት ዝምተኛ ልጅ ነበረች። ሁልጊዜ ያለች ይመስለኝ ነበር። አንድም ሳምንት ሙሉ ቀርታ አታውቅም። ማክሰኞ አንድ፣ ዓርብ አንድ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሰኞ አንድ። ድምሩ 41 ቀን ሆነ። ከስምንት ሳምንት ትምህርት በላይ ማለት ነው። ሁለት ሳምንት በተከታታይ ብትቀር ኖሮ ቤቷ ድረስ እሄድ ነበር። በቁንጽል ስለሆነ ግን ማንም አላያትም። በብዙ አገር ከትምህርት ቀኑ አሥር በመቶ የቀረ ተማሪ አስጊ ደረጃ ላይ ነው ተብሎ ይያዛል። እሷ እኮ ያንን እጥፍ አድርጋዋለች።

«ጎበዝ ልጅ ኖት ገልብጦ ይደርሳል»

ክፍልፋይ መደመር ስናስተምር ሰሌዳው ላይ የሚጻፈው 1/3 + 1/4 = 7/12 ነው። 12 ከየት መጣ? እሱ አይጻፍም። እኔ «ሦስትም አራትም የሚገቡበት ቁጥር ማን ነው?» እላለሁ፤ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አሥራ ሁለት!» ይላል። ደብተር ውስጥ ያቺ ጩኸት የለችም። በማግስቱ የገለበጠው ልጅ ገጹ ንጹሕ ነው፣ አስምሮበታል፣ ርዕሱን በቀይ ጽፏል። ከሥሩ ለሰጠሁት 2/5 + 1/3 ደግሞ 3/8 ብሎ መልሷል። ላዩን ከላይ፣ ታቹን ከታች ደመረው። ምን ያድርግ?

እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ የቺካጎ ጥናት፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ይወድቃል ወይስ ያልፋል የሚለውን ከቀድሞ የፈተና ውጤቱ ይልቅ ክፍል መገኘቱ በተሻለ እንደሚናገር አሳይቷል። ጥሩ ውጤት ይዞ የገባውም ሲቀር ይወድቃል ማለት ነው። ቺካጎ ከደብረ ብርሃን ጋር የሚያመሳስላት ብርዱ ብቻ ነው ትሉ ይሆናል። ይህኛው ነገር ግን ከአገር አገር ብዙ የሚለያይ አይመስለኝም።

«ታች ክፍል ላይ ቢቀር ግድ የለም፣ ዋናው አሥራ ሁለተኛ ነው»

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ከግማሽ በላይ ያመጡት በ2014 ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4 በመቶ ነበሩ። ይህን ሁሉ በመቅረት ማሳበብ ውሸት ይሆናል። ግን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ የታየው ጉድለት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ አልተፈጠረም። ንባብ ሳይለምድ ሦስተኛ ክፍልን ያለፈ ልጅ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን መጽሐፍ የሚያነበው እንደ እንግዳ ነው።

«ሴት ልጅ መቅረት ከጀመረች ልትዳር ነው»

አንዳንዴ ነው፣ ያኔ መሮጥ ይገባል። ብዙውን ጊዜ ግን እናቷ አርሳ ነው፣ ወይ አያቷ ታመው ነው፣ ወይ ምንጩ ደርቆ ውኃው ርቆ ነው። በየወሩ ሁለት ሦስት ቀን ጠብቃ የምትቀርም አለች። ለእሷ ሞዴስ መስጠት ጥሩ ነው። ግን የሽንት ቤቱ በር መቀርቀሪያ ከሌለው፣ ውኃም ከሌለ፣ ሞዴሱን የት ትቀይረው? ይህን ወንድ መምህራን ስብሰባ ላይ ሲያነሱት ሁሉም መሬት መሬት ያያል። መቀርቀሪያ ግን ስንት ብር ነው?

«ወላጅ ይዞ ይምጣ ቢባል ይታረማል»

ሁለት ቀን ቀርቶ የመጣ ልጅ በር ላይ ይያዛል። «ወላጅ ይዘህ ና!» ይባላል። አባቱ እርሻ ላይ ነው። ስለዚህ ልጁ ሦስተኛ ቀኑን ቀረ። አባትየው ደግሞ «አሁን አጨዳ ላይ ነኝ፣ ሰኞ» አሉት። አራተኛ፣ አምስተኛ። ስለቀረ የቀጣነው እንዲቀር አድርገን ነው።

ብልጦቹ ደግሞ አጎት ይከራያሉ። አንዴ አንድ «አጎት» መጣልኝ። ልጁን ከእኔ ብሶ ተቆጣው፣ «ሁለተኛ እንዳይለምደው አደርገዋለሁ መምህር» አለ፣ ፈርሞ ሄደ። በሳምንቱ ያው ሰውዬ የሌላ ተማሪ አጎት ሆኖ መጣ። ሁለታችንም ሳቅን።

ለእኔ የተሻለ የሠራው ስልክ ነው። በቀረ በሁለተኛው ቀን፣ ያለ ቁጣ፣ «ምን ሆኖ ነው? አሳስቦኝ ነው» ብሎ መደወል። ኔትወርክ ካለ።

«የሚያስቀር በሽታ ከባድ በሽታ ነው»

እከክ፣ የሚያዝ ዓይን፣ የሆድ ትላትል። እነዚህን ማንም በሽታ ብሎ አይቆጥራቸውም፣ ልጁን ግን አልጋ ላይ ያውሉታል። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ የምዕራብ ኬንያ ጥናት የትላትል መድኃኒት በተሰጠባቸው ትምህርት ቤቶች መቅረት በሩብ ያህል እንደቀነሰ ገልጿል። ቁጥሩ ላይ ኋላ ብዙ ክርክር ተነሥቷል። ቢሆንም ክኒኑ ርካሽ ነው፤ ዘመቻው የመጣ ቀን የቀረ ልጅ በሌላ ቀን እንዲውጥ ማድረግ አይከብድም።

«ልጁ ከመጣ ይማራል»

እዚህ ላይ እኛም መምህራን እንፈተሽ። ሁለት ሰዓት በእግሩ ተጉዞ መጥቶ «ዛሬ መምህሩ ለደሞዝ ጉዳይ ወረዳ ሄዷል» የተባለ ልጅ በማግስቱ ለምን ይመጣል? ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በግጭቱ ምክንያት በክልላችን ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመዋል። እዚያ የቀረው ተማሪው ሳይሆን ትምህርት ቤቱ ነው። ለዚያ ስም መጥሪያው ላይ ምልክት የለንም።

ለሐሙሱ ገበያ ግን አንድ ነገር አደረግን። ገበያውን ማዛወር አንችልም፤ ወላጅንም ለዓመታት ለምነን አልሆነም። በሚቀጥለው ዓመት ፕሮግራም ሲወጣ ዳይሬክተሩን ለምኜ ሁለቱን የሂሳብ ፔሬዶች ማክሰኞና ረቡዕ ላይ አስገባኋቸው። ሐሙስን ስፖርትና ሙዚቃ ወሰደው። የስፖርት መምህሩ እስከ ዛሬ ድረስ አኩርፎኛል። ሐሙስ ሐሙስ የሚቀሩት ልጆች ያው ቀሩ፣ ኤክሱም አልቀነሰም። ዓርብ ጠዋት ግን ካቆምንበት ስጀምር አብረውኝ ነበሩ።