የአሮጌ ቤት በረንዳ፦ በእንጦጦና በመናገሻ ዙሪያ አዲስ እንጨት አገባብና ቫርኒሽ አቀባብ

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በእንጦጦ ግርጌና በምዕራብ በኩል ከመናገሻ እስከ አዲስ ዓለም ባለው መስመር፣ ከአፄ ምኒልክ ዘመንና ከዚያ ወዲህ ካሉት ዓመታት የተረፉ የእንጨት በረንዳ ያላቸው ቤቶች አሉ። ከእነዚህ በረንዳዎች የበሰበሰውን ቆርጦ አዲስ እንጨት መተካት ብዙ አናጢ ይችልበታል። የሚያስቸግረው የተተካው እንጨት ሦስት ክረምት እንዲያልፍ ማድረግ ነው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ዋናው የግንባታ እንጨት ጥድና ዝግባ ነበር። የመናገሻ ሱባ ደን በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ (1426–1460 ዓ.ም.) ትእዛዝ፣ በሰሜን ሸዋ ካለው ከወፍ ዋሻ ደን በመጣ ዘር እንደተተከለ በትውፊት ይነገራል። ከአገራችን ቀደምት ጥብቅ ደኖች አንዱ መሆኑ ደግሞ አያከራክርም። ሕንድና አርመን ግንበኞች ከአገሬው አናጢዎች ጋር ሲሠሩ ሰፊው በረንዳ፣ የተጠረበው መደገፊያና በጣሪያ ጠርዝ ላይ እንደ ጥልፍ የተፈለፈለው ጣውላ ተለመደ። ጣይቱ ሆቴል የዚያ እጅ ሥራ ማሳያ ነው፤ በጥር 2007 ዓ.ም. የደረሰበት ቃጠሎም ያረጀ ደረቅ እንጨት እሳት ሲያገኘው ምን እንደሚሆን አሳይቷል። የማገዶ እጥረት ምኒልክን በ1890ዎቹ መጀመሪያ አዲስ ዓለምን በአዲስ አበባ ምትክ ዋና ከተማ እንድትሆን ወደ ማሠራት ገፋፍቷቸው ነበር። አዲስ አበባን ካለችበት ያቆያት ባሕር ዛፍ ነው። ዘሩን ያስመጣው ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳይሌ ነው የሚሉ ይበዛሉ፤ ሌላ ስም የሚጠሩም አሉ። በጣሊያን ጊዜ ሲሚንቶ ገነነ። ከ1967 ዓ.ም. የትርፍ ቤቶች አዋጅ በኋላ ብዙዎቹ ቤቶች ቀበሌ እጅ ገብተው ጥገናቸው ቀዘቀዘ።

የ1986ቱ የደን አዋጅ ጥድ፣ ዝግባ፣ ዋንዛና ኮሶ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከከለከለ ወዲህ፣ ለጥገና የሚመረጠው ከፈረሱ ቤቶች የሚወጣ አሮጌ ጥድ ነው። ምስጥ አይደፍረውም፤ ደርቆም አብቅቷል። እሱ ከጠፋ የፈረንጅ ጥድ ይገባል። ባሕር ዛፍ ለምሰሶ ካልሆነ በቀር ለሳንቃ አይመከርም፤ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል።

አዲስ በመጋዝ የተሰነጠቀ ጣውላ በየ2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረቱ አንድ ዓመት ያህል፣ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ በመሃሉ ቀጫጭን እንጨት እየገባለት በጥላ ይደረደራል። መድረቁን ለማወቅ አንድ ቁራጭ በየሳምንቱ መመዘን ነው፤ ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ለሥራ ደርሷል። እርጥብ እንጨት ላይ የተቀባ ቫርኒሽ በበጋ ይነፋል፤ ውስጥ የቀረው ውሃ በፀሐይ ሞቆ መውጫ ሲያጣ ቆዳውን ይገፋዋል።

የምሰሶ ግርጌ ሲቀየር መጋጠሚያው በአግድም አይቆረጥም። ሰያፍ ይሆናል፤ ርዝመቱም የእንጨቱን ውፍረት ስምንት እጥፍ ያህል ነው፦ ለ10 ሳንቲ ሜትር ምሰሶ 80 ሳንቲ ሜትር። ጥድም ዝግባም ሚስማር ሲመታባቸው ስለሚሰነጠቁ ቀድሞ በቀጭን መብሻ መብሳት ግድ ነው። ሚስማሩ ዚንክ የተነከረ ይሁን፤ ተራው ዝጎ ጥቁር እንባ ያወርዳል።

ከሁሉ የሚበልጠው የእንጨቱ ጫፍ ነው። ውሃ ከጎን ይልቅ በጫፍ በኩል በብዙ እጥፍ ፍጥነት ይገባል፤ ስለዚህ ጫፍና መጋጠሚያ ቦታው ላይ ከመሰካቱ በፊት ይቀባል። ቫርኒሹ በአኳራጅ (በቀለም ማቅጠኛ) እኩል በእኩል ቀጥኖ፣ የመጀመሪያው ሳይደርቅ ሁለተኛውና ሦስተኛው ይደገማል፣ መጠጣቱን እስኪያቆም ድረስ። ከተሰካ በኋላ የተደበቀውን ጫፍ በብሩሽ መድረስ አይቻልም። አብዛኛው ጥገና የሚበሰብሰውም እዚያው፣ ምሰሶው ድንጋዩ ላይ ባረፈበት ቦታ ነው።

ፊቱ በ80፣ በ120፣ ከዚያ በ180 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል። አሮጌው ቀለም እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል ውሃ እየነካኩ መፋቅና አፍንጫን መሸፈን ነው። አዲሱን ከአሮጌው ቀለም ጋር ለማመሳሰል ሙከራው በቁራጭ ላይ፣ ቫርኒሹ እርጥብ እንዳለ ይታያል። ስንጥቅ በነጭ ኮላና በመጋዝ ብናኝ የሚደፍኑ ብዙ ናቸው፤ ኮላ የነካው ቦታ ግን ማቅለሚያ ስለማይጠጣ ገርጥቶ ይቀራል። በተልባ ዘይት የተቦካ ስቱኮ ይሻላል።

ጥድ ዘይታም ስለሆነ ቫርኒሽ ቶሎ አይደርቅበትም። ከመቀባቱ ጥቂት ቀደም ብሎ በቲነር በራሰ ጨርቅ ይወለወላል፤ አንዳንዶች መጀመሪያ ጎማላካ (በአልኮል የሚሟሟ ሙጫ) ያለብሱታል። ከዚያ አንደኛው እጅ በእኩል አኳራጅ፣ ሁለተኛው ሦስት ቫርኒሽ ለአንድ አኳራጅ፣ ሦስተኛው ሳይቀጥን። ለጀልባ የሚሠራው ፀሐይ ተከላካይ ቫርኒሽ ከተገኘ ስድስት እጅ ያስፈልጋል፤ በየመሃሉ በ240 ቁጥር ቀለል አድርጎ መፋቅና ብናኙን መጥረግ። የቤት ውስጥ ቫርኒሽ እዚህ ከፍታ ላይ ዕድሜ የለውም፦ ፀሐዩ ዘልቆ የእንጨቱን ፊት ያላላዋል፣ ቫርኒሹም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳል።

የሚቀባው ከኅዳር እስከ የካቲት፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ነው። ከዚያ ካለፈ የእንጦጦ የማታ ብርድና ጤዛ እርጥቡ ላይ አርፎ አንጸባራቂውን ያደበዝዘዋል።

በተልባ ዘይት ብቻ መሥራት ይበቃል የሚሉ አሮጌ አናጢዎች አሉ። ዘይቱ ባይላጥም ሻጋታ ይይዛል፣ በየዓመቱም መደገም አለበት፤ ለዝናብ ለተጋለጠ በረንዳ ቫርኒሹ ይበልጣል። ዘይት የነካ ጨርቅ ተጨማድዶ ከተጣለ በራሱ ሊቀጣጠል ስለሚችል ተዘርግቶ ይደርቃል ወይም ውሃ ውስጥ ይነከራል። ለምስጥ ተብሎ የሚቀባው የተቃጠለ የሞተር ዘይት ደግሞ ከዚያ ወዲያ ምንም ቀለም አያስይዝም።

በበጋ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል፣ ሰማዩም ስለሚጠራ፣ ቀድሞ የሚጎዳው የበረንዳው ደቡብ ፊት ነው። እሱ በየዓመቱ ኅዳር ላይ ታጥቦ፣ በ240 ተፍቆ አንድ ወይም ሁለት እጅ ይጨመርለታል። የሰሜኑ ፊት ሁለት ዓመት ይቆያል።